ባሕር ዳር ላይ አባባን በማሽን አስሩጠን ያሰራነው የልብ ኤኮ፦ ክፍሉ ውስጥ ሸጋ፣ ስልካቸው ግን ያናድዳል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አባባን በቅርቡ ባሕር ዳር ያለ አንድ የግል የልብ ክሊኒክ ወስጀ ስትረስ ኤኮ የሚሉትን፣ ልብ ስትለፋ በድምፅ ሞገድ ምስሏ የሚታይበትን ምርመራ አሰርቻቸው ነበርና ከዛ ወዲህ ከደምበጫም ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም ያለ ዘመድ ሁሉ እየደወለ "ሰውየውን ማሽን ላይ አስሮጧቸው አሉ፣ ልቡን የታመመ ሰው ያስሮጣሉ እንዴ" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብየ ነው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ የምወቅስበት ነገር አለና፤ ደግሞም የምጽፈው አብዛኛው ነገር የትም ብታሰሩት የሚጠቅም ነው። አጭሩን ለሚፈልግ፦ ምርመራው ብሩ ይገባዋል፣ የዶክተሩም የነርሷም እጅ ይባረክ፣ ክፍሉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ያለው አገልግሎት ግን ምርመራውን ራሱን ገደል ሊከት የሚችል ነው። ረጅሙን ለሚፈልግ ደግሞ ይቀጥል።

አባባ 61 ዓመታቸው ነው፣ ደምበጫ አካባቢ ገበሬ ናቸው፣ ሲጋራ በሕይወታቸው አላጨሱም፣ ደም ግፊት ግን አለባቸው። ከማሳ ወደ ቤት ሽቅብ ሲወጡ ደረታቸውን ቀፍድዶ ይይዛቸዋል፣ ግራ እጃቸውም ይደነዝዛል፣ ቆም ብለው ትንሽ ሲያርፉ ደግሞ ይለቃቸዋል። እኛ አካባቢ ደረት ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ወይ ውጋት ነው ወይ ጨጓራ ነው፣ ስለዚህ ተልባውንም ጠጡ፣ የጨጓራ መድኃኒቱን ኦሜፕራዞልንም ዋጡ፣ ጸበልም ሄዱ (ጸበሉን እየተቃወምኩ አይደለም፣ እኔም እሄዳለሁ)። በኋላ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ) ተነሱ፣ ተራውን ኤኮም ታዩ፣ ሁለቱም ኖርማል ሆነና "ልብዎ ሰላም ነው" ተባሉ። ሰላም ከሆነ ታዲያ ዳገት ላይ የሚይዛቸው ምንድን ነው? ይህችን ጥያቄ የጠየቀልን ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ኢንተርኒስት (የውስጥ ደዌ ሐኪም) ነው፣ ገና ወረቀቱን ሳያይ "ሲሄዱ ይመጣል፣ ሲቆሙ ይተዋል አይደል አባቴ?" አላቸውና አዎ ሲሉት "እንግዲያው ተኝተው የታዩት ኤኮ አይበቃም፣ ልብዎ ስትለፋ ነው መታየት ያለባት" ብሎ ሪፈር ጻፈልን።

ይሄ ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እኛ አገር ኤኮ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በልጅነት ካልታከመ ቶንሲል የሚመጣውን የልብ ቫልቭ በሽታ ነው፣ ለሱ ተራው ኤኮ አንደኛ ነው፣ የልብን ጉልበትም በደንብ ያሳያል። የልብን የራሷን ደም ስር ግን አያሳይም። ልብ ለሌላው ሰውነት ደም ስትረጭ ትውላለች እንጂ ራሷ የምትመገበው ከላይዋ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን ደም ስሮች ነው፣ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፣ አንዱ በቀኝ ሁለቱ በግራ። እነዚህ ውስጥ ስብ እየተጋገረ ሲያጠባቸው ነው ኮሮናሪ የሚባለው በሽታ የሚመጣው፣ ነገር ግን ሰው ጋደም ብሎ ሳለ ልብ የምትፈልገው ደም ትንሽ ስለሆነ 70 በመቶ የጠበበ ደም ስር እንኳ እንደምንም ያደርስላታል፣ ስለዚህ በኤኮ ሲያዩዋት እንደ ጤነኛ ልብ ስትኮማተር ትታያለች። ኖርማል ተብለው ቤታቸው ሄደው በሳምንቱ የሚወድቁ ሰዎች ሲኖሩ "ሐኪሙ ዋሽቷል" የምንለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፣ የታየው ነገር ሌላ፣ የታመመው ነገር ሌላ ሁኖ ሊሆን ይችላል።

የክሊኒኩ ዶክተር ለአባባ ሲያስረዳቸው የተጠቀመበትን እስካሁን እየደጋገሙ ያወሩታል። "አባቴ፣ የመስኖ ቦይዎ በደለል ቢጠብ ክረምት ላይ ያውቁታል?" አላቸው። "ኸየት አውቄው፣ ዝናቡ እያለ" አሉ። "መቼ ነው ታዲያ የሚያውቁት?" "በበጋ ነዋ! ኸጫፍ ያለው ሽንኩርት ሲጠወልግ።" "በቃ እኔ ዛሬ በጋውን ላመጣብዎት ነው፣ የትኛው ጫፍ እንደሚጠወልግ ላይ።" ከዚህ በኋላ ለኔ ማስረዳት አላስፈለገውም፣ አባባ ራሳቸው ናቸው ለኔ ያስረዱኝ።

"ለምን ታዲያ በኢሲጂ ብቻ አያስሮጡም፣ እሱ ይረክሳል" ለምትሉ፣ እኔም ጠይቄ ነበር። ልብ ደም ሲያጥራት ነገሩ ተራ አለው፦ መጀመሪያ የሚበላሸው የግድግዳዋ እንቅስቃሴ ነው፣ ያ ደም ያላገኘው ቦታ መኮማተር ያቅተዋል፣ ኢሲጂው ላይ ለውጥ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ የደረት ሕመሙ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው፣ አንዳንዱ ሰው ጋ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ጋ ጭራሽ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ በምስል የሚያይ ሰው ቀድሞ ያያል። በቁጥር ደረጃ በሩጫ ኢሲጂ ብቻ የሚደረገው ምርመራ በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 68 ያህሉን ነው የሚይዘው ይባላል፣ ኤኮ ሲጨመርበት ከ80 እስከ 85 ይደርሳል። ደግሞ የሩጫ ኢሲጂ ሴቶች ላይ ያለ በሽታ "አለ" የማለት ጸባይ አለው፣ መነሻው ኢሲጂ ራሱ የተዛባ ሰው ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ላይነበብ ይችላል። ከምስሉ ሌላ ጥሩ ነገር ጨረር የለውም፣ እንደ እርግዝና አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሰራው፣ በደም ስር የሚገባ ቀለምም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ወቀሳው። ቀጠሮ ለመያዝ ስደውል ስልኩ እየጠራ ይዘጋል እየጠራ ይዘጋል፣ በመጨረሻ ያነሳችው ልጅ "ጠዋት ሁለት ሰዓት ይዘሃቸው ና፣ ሪፈሩን እንዳትረሳ" አለችኝና ጥርቅም። ይኸው ነው። ምን ይብሉ ምን አይብሉ፣ ምን ይልበሱ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አንድም ጥያቄ የለም። አባባ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀው፣ በሌሊት ተነስተው፣ በሚኒባስ ተጨናንቀው፣ ነጠላ የላስቲክ ጫማቸውን አድርገው፣ መናኸሪያው አጠገብ ጥግብ ብለው ፍርፍር በልተው ከች። ካርድ አወጣን፣ ከፈልን፣ ወረፋ ጠበቅን፣ ከዛ ነርሷ ገና ስታያቸው "አባቴ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?" አለቻቸው። "እንዴታ፣ አንድም ቀን አላጓድልም፣ ዛሬም በሻይ ውጫለሁ" አሉ በኩራት። ሳጥኑን አወጡ፣ አቴኖሎል። ነርሷ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየሁ፣ በቃ ሌላ ቀን ተመለሱ ተባልን።

የተመለስነው በትክክል ነው፣ እሱን አልከራከርም፣ የሚያናድደው ስልክ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ይቀር እንደነበር ነው። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ እነዚህ ሁሉ ቤታ ብሎከር የሚባሉ ናቸው፣ ስራቸው የልብ ምትን ማርገብ ነው። ምርመራው ደግሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ ምቱ ከፍ እንዲል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ትቀንሳላችሁ፣ የቀረውን 85 በመቶ ትወስዳላችሁ። አባባ 61 ስለሆኑ 159 ይመጣል፣ የሱ 85 በመቶ 135 ነው፣ ምታቸው በደቂቃ 135 ካልደረሰ ልባቸው በቂ አልለፋችም ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ምስሉ ደህና ቢመስል እንኳ "ነጻ ነዎት" ማለት አይቻልም። ብሩ ተከፍሎ፣ ሰውየው ላብ በላብ ሁኖ፣ ወረቀቱ ላይ "አልተወሰነም" ተብሎ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት እንዲቆም ያዛሉ። ግን አደራ፣ በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡት፣ እነዚህ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ የደረት ሕመሙን ሊያብሱት ይችላሉ፣ ያዘዘላችሁ ሐኪም ነው ቀኑን የሚወስነው፣ አንዳንዱ ታማሚ ላይ ደግሞ ሆን ብለው ሳያስቆሙ የሚያስሮጡበት ምክንያት አለ። ያዘዘው የናንተው ሐኪም ምርመራውን ከሚሰራው ጋር በስልክ ቢነጋገር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

የቀረውን ዝግጅት ከነርሷ አፍ እንደሰማሁት ልንገራችሁ፣ የስልኳ ልጅ አትነግራችሁምና። ከምርመራው በፊት ሦስት አራት ሰዓት ያህል ምግብ የለም፣ ውኃ ትንሽ ትንሽ ይቻላል፣ ቡናና ሲጋራ ይቅር። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይበላ እንዴት እንደሚያደርግ ቀድሞ ይጠይቅ። ጫማ እግር የሚይዝ መሆን አለበት፣ ላስቲክ ጫማና ክፍት ሰንደል አይሆንም፣ አባባ ሁለተኛው ላይ የታናሽ ወንድሜን ስኒከር አጥልቀው በቁምጣቸው ሲመጡ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ከተቻለ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይምጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ ያደረ ሰው በየት ጉልበቱ ነው የሚሮጠው።

ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። ንጹሕ ነው፣ ትሬድሚሉ (የሚሮጥበት ማሽን) እና አልጋው ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት (ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ)፣ ልብ ቢቆም በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰው ማሽን ግድግዳው ጥግ ቆሟል፣ ኦክስጅን አለ፣ ዶክተሩ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዛው ነበር፣ "ነርሷ ታስሩጥህ፣ እኔ በኋላ አየዋለሁ" የሚል አይደለም። እናንተም የትም ስትሄዱ እነዚህን በዓይናችሁ ፈልጉ፣ ካላያችሁም ጠይቁ፣ አትፍሩ። ከባድ አደጋ የሚያጋጥመው ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን ነው፣ ግን ያ አንዱ ሲያጋጥም ማሽኑ ሌላ ፎቅ ላይ ተቆልፎበት ከሆነ ምን ዋጋ አለው። መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ትሬድሚል ላይ እያለ ቢጠፋስ ብየ ስጠይቅ ባትሪም ጄኔሬተርም እንዳላቸው አሳዩኝ።

ነርሷ የደረት ጸጉራቸውን በየቦታው ላጨቻቸው፣ በፋሻ ቆዳቸውን ፈተግ ፈተግ አደረገችና አስር የሚለጠፉ ነገሮች ለጠፈችባቸው፣ የኤኮው መዳሰሻ የሚያርፍበትን ቦታ እየተወች። ከዛ በግራ ጎናቸው አስተኝታ ዶክተሩ ቀዝቃዛውን ጄል ቀብቶ የእረፍቱን ምስል ወሰደ። አንድ የወደድኩት ነገር ሩጫው ሳይጀመር ልምምድ አደረጉ፦ "አባቴ፣ ቁም ስልዎት እንዲህ ዞር ይላሉ፣ እዚች ላይ ዘፍ ይላሉ፣ በግራ ጎን፣ ግራ እጅ ወደ ላይ" ብላ ነርሷ ራሷ ተኝታ አሳየቻቸውና እሳቸውንም ሁለቴ አስደገመቻቸው። የፈቃድ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ይሄ ያሳፍራል በእውነት፣ በቃል አስረድታ አስፈረመቻቸው እንጂ ገበሬ ሰው ምኑን አንብቦ ነው የሚፈርመው። ሁለት ገጽ ወረቀት ወደ አማርኛ መመለስ ይሄን ያህል ከባድ ነው?

ሩጫ ይበሉት እንጂ መጀመሪያ ላይ የገበያ መንገድ ነው። ብሩስ ፕሮቶኮል ይሉታል፣ ሮበርት ብሩስ የሚባል አሜሪካዊ የልብ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ 1963 ያወጣው ነው፣ እስካሁን በዓለም ላይ አብዛኛው ሰው በሱ ነው የሚሰራው። በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል፣ የመጀመሪያው በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ሁኖ 10 በመቶ ዳገት፣ ቀጥሎ 4 ኪሎ ሜትር በ12፣ ሦስተኛው 5.5 ኪሎ ሜትር በ14፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አባባ በመጀመሪያው ላይ "ይሄ ነገር ወዴት ነው የሚወስደኝ?" አሉ። "የትም አይወስድዎትም፣ እዚሁ ነን" አለቻቸው ነርሷ። ሁለተኛው ላይ ብረቱን በሁለት እጃቸው ጭብጥ አድርገው ያዙ፣ ገና እንደያዙ "አባቴ፣ አይጨብጡት፣ ዳሰስ ብቻ" አለች። እኔ እንዳይወድቁ ብየ ይያዙት እያልኩ ነበር በልቤ፣ ለካ ብረቱን የጨበጠ ሰው ክብደቱን ብረቱ ላይ ስለሚጥል ማሽኑ ያለፋው ይመስላል እንጂ ልቡ በትክክል አትለፋም። ግፊታቸውን በየደረጃው ትለካለች፣ ዶክተሩ ኢሲጂው ላይ ዓይኑን ተክሏል። ሦስተኛው ደረጃ መሐል ላይ ፊታቸው ተለወጠ፣ ላቡ ከግንባራቸው ኮለል አለ። "ያዘኝ" አሉ። ዶክተሩ "እንደ ዳገቱ ነው ወይስ ከሱ ይብሳል?" አላቸው። "እንደ ዳገቱ ነው፣ እዚሁ ሁኘ ደምበጫ ደረስኩ እኮ" አሉ እያለከለኩ። ምታቸው 138 ደርሶ ነበር። "በቃ፣ ይበቃል፣ ወደ አልጋ!"

ብሩ የተከፈለው ከዚህ በኋላ ላለው አንድ ደቂቃ ነው። ማሽኑ ቆመ፣ ዞር፣ ዘፍ፣ በግራ ጎን፣ እጅ ወደ ላይ፣ ዶክተሩ መዳሰሻውን ደረታቸው ላይ አሳረፈ፣ "ትንፋሽ ያውጡ፣ አሁን ያዙ፣ ያዙ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና"። ምክንያቱም ሰው ሩጫውን ካቆመ በኋላ የልብ ምቱ ወዲያው መውረድ ይጀምራል፣ ያ ደም አጥሮት የደከመው ግድግዳም ቀስ በቀስ ይነቃል፣ ስለዚህ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ምስሉ ካልተነሳ በሽታው እያለ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። አልጋው ከትሬድሚሉ ጋር የተጠጋውም፣ ልምምዱም ለዚህ ነው። ሰምቻለሁ፣ አስሩጠው ኮሪደር አቋርጠው ሌላ ክፍል ወስደው ኤኮ የሚያነሱ ቦታዎች አሉ ይባላል፣ እንደዛ ከሆነ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። እዚህ ቤት አንድም ሰከንድ አልባከነም፣ እኔ ለዚች ደቂቃ ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ።

ከዛ የወደድኩት ሌላው ነገር፣ ዶክተሩ ወረቀት ጽፎ አላባረረንም፣ ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። አራት አራት ሳጥን ሁኖ ከሩጫው በፊት የነበረው ከሩጫው በኋላ ካለው ጎን ለጎን ይታያል፣ ምቱ ተደጋግሞ እንዲጫወት አድርጎ። ጤነኛ ልብ ከሩጫ በኋላ ግድግዳዋ ሁሉ በኃይል ይጨብጣል፣ ውስጧም ይጠብባል። የግራውን ክፍል ግድግዳ በ17 ቦታ ከፋፍለው ነው የሚያነቡት፣ እያንዳንዱ ቦታ የየትኛው ደም ስር እንደሆነ ይታወቃል። አባባ ጋ ከሩጫው በፊት ሁሉም እኩል ይጨብጥ ነበር፣ ከሩጫው በኋላ ግን ጫፏና የፊት ግድግዳዋ ፈዞ ቀረ፣ ሌላው ሲጨብጥ እሱ ቁጭ። ስለ ልብ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ግን አየሁት፣ አባባም አዩት፣ "ያችውልህ የጠወለገችው" አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ። ያ ቦታ ከፊት ለፊት የሚወርደው የግራው ደም ስር የሚያጠጣው ነው። ኢሲጂው ላይ ደግሞ ብዙም የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም፣ በሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም ኦሜፕራዞል ላይ ነበርን።

ቀጥሎ ያለው ነገር ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ያጨቃጨቀ ነው። ዶክተሩ አስፕሪን፣ የስብ መድኃኒት አቶርቫስታቲን፣ ቤታ ብሎከር፣ ሕመሙ ሲመጣ ቁጭ ብለው ምላስ ስር የሚያደርጓት ናይትሮግሊሰሪን አዘዘላቸውና "በዚህ እንጀምር፣ ሕመሙ ካልቀነሰ አዲስ አበባ ለአንጂዮ እንልክዎታለን" አለ (አንጂዮ ማለት በቀጭን ቱቦ ቀለም እየረጩ የልብን ደም ስር በራጅ የሚያዩበት ነው)። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ "ምን ይጠብቃሉ፣ ጠቦ ከታየ ወዲያው ሄዶ ሽቦ ማስገባት ነው እንጂ" ብሎ ሊገለን። እኔም ይሄን ይዠ ዶክተሩን ሞገትኩት። የመለሰልኝ እንዲህ ነው፦ በፈረንጆቹ 2020 የታተመ ኢስኬሚያ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፣ እንደ አባባ ዓይነት ረግቶ የቆየ ሕመም ያላቸውና በስትረስ ምርመራ ደም እንደሚያጥራቸው የታየ 5,179 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወዲያው ወደ አንጂዮና ስቴንት (አጎቴ ሽቦ ያለው፣ የጠበበውን ደም ስር የሚከፍተው) ወይም ቀዶ ጥገና፣ ግማሹን በመድኃኒት ጀመሩ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲከታተሉ በሞትም በድንገተኛ የልብ አደጋም (ሃርት አታክ) ሁለቱ ቡድን እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አላሳዩም፣ ስቴንቱ በደንብ የረዳው ሕመሙ በየጊዜው የሚያስቸግራቸውን ነው። በርግጥ ዋናው የግራ ደም ስር ግንድ የጠበበባቸው፣ የልብ ጉልበታቸው በጣም የወረደ፣ ወይም ሕመሙ መቋቋም ያቃታቸው ሰዎች በዛ ጥናት ውስጥ አልነበሩም፣ እነሱ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ይሄን ለአጎቴ ስነግረው "አንተ መቼ ነው ዶክተር የሆንከው" አለኝ፣ ተወው እቴ።

አሁን አባባ ዳገቱን ቀስ እያሉ ይወጣሉ፣ ሕመሙ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ጾም ላይ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ልዋጥ የሚለው ጭቅጭቅ ግን ገና አላለቀም፣ ንስሐ አባታቸው ናቸው ቀድመው "መድኃኒት ጾም አያፈርስም" ያሏቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ለማን አይሆንም የሚለውን ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከኔ ሰምቶ "እኔም ለቼክአፕ ልሰራ" ያለኝ የ30 ዓመት ጓደኛ አለኝ። ምንም የማያመው፣ ወጣት፣ ግፊትም ስኳርም የሌለበት ሰው ይሄን ምርመራ ቢያሰራ የሚያተርፈው ጭንቀት ነው፣ በሽታው የመኖሩ ዕድል ትንሽ የሆነበት ሰው ላይ "አለ" የሚል ውጤት ቢመጣ ስህተት የመሆኑ ዕድል ስለሚበዛ፣ ከዛ ወደ አንጂዮ፣ ከዛ ወደ ወጪ። በተቃራኒው ደግሞ አሁን ተቀምጦ እያለ ደረቱን የያዘው፣ ላብ ላብ የሚለው፣ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ የመጣ ሰው ቀጠሮ አይያዝ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሮጠው፣ ትሬድሚል ላይ አይደለም። ጉልበቱን የሚያመው፣ ስትሮክ እግሩን የያዘው፣ ወይም መራመድ የማይችል ሰው ተስፋ አይቁረጥ፣ ዶቡታሚን የሚባል መድኃኒት በደም ስር ቀስ በቀስ እየጨመሩ ልብን ተኝቶ እንዳለ ማስሮጥ ይቻላል፣ ምስሉ ያው ነው። ደረቱ ወፍራም የሆነ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ላይ ግን ኤኮው ሊደበዝዝ ይችላል፣ እንዲህ ሲሆን በሲቲ ወይም በኑክሌር ምስል የሚሰሩትን ይመክራሉ፣ እነሱ ግን ጨረርም አላቸው፣ ወጪያቸውም ሌላ ነው። ደግሞ ኤኮውም ቢሆን ፍጹም አይደለም፣ ከላይ ያልኩት 85 በመቶ ማለት የሚያመልጡት አሉ ማለት ነው፣ የሚያነበው ሰው ልምድም ብዙ ይወስናል፣ ስለዚህ ዶክተሩ በወር ምን ያህል እንደሚሰራ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዋጋውን አልጽፍም፣ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ውሸታም ያሰኘኛል፣ ከተራው ኤኮ ግን በጣም ይበልጣል፣ ያለፈው ቀን የከፈልነውን ካርድ ሁለተኛው ላይ እንደገና ማስከፈላቸው ደግሞ አስከፍቶኛል፣ ጥፋቱ የነሱ ሁኖ ሳለ። ሰዓቱ ከገባችሁ እስክትወጡ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሩጫው ራሱ ግን ብዙ ሰው ላይ ከአስር ደቂቃ አይበልጥም። ለሴቶች መጋረጃ አለ፣ ከፊት ከፊት የሚታሰር ጋውን ይሰጣሉ፣ ከኛ በፊት የነበሩት እናት ነጠላቸውን ደርበው ነው የሮጡት፣ ማንም አላስወለቃቸውም።

አንድ ምክር፦ ሪፖርቱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ "አንሰጥም" አለችኝ፣ ዶክተሩ ጋ ተመልሸ ገባሁ፣ "ለምን አንሰጥም፣ የሳቸው ልብ አይደለም እንዴ" ብሎ ራሱ ገልብጦ ሰጠኝ። አዲስ አበባ መሄድ ቢመጣ እዛ ያለው ሐኪም የሚያየው ምስሉን ነው፣ አለበለዚያ እንደገና ሩጡ ነው የሚባለው። ጠቅላላ ከአምስት አራት ኮከብ፣ አንዱን የቀነስኩት በስልኳና በካርዱ ነው፣ ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ጠረጴዛ ላይ "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ምን በሉ፣ ምን ጫማ አለዎት" የሚል ወረቀት ቢለጥፉ አምስተኛውን ራሴ ተመልሸ እጨምርላቸዋለሁ።